ረጅሙን ወይስ አጭሩን?

በዚህ ወር የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር።

ባለፈው ክረምት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፥ እኛ በምንኖርበት በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከበታቻችን ካለው ፎቅ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጥያቄ ይዞ መጣ። ይህ ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖራል፤ እናቱ በዐረብ አገር እየሠራች ታስተዳድራቸዋለች። ክፍሉን በመልካም ውጤት ስላለፈ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ከነጨዋታው በሰው እጅ ላከችለት። ጨዋታው በፈረንጆች አቈጣጠር በጥር 2020 የወጣው «ድራጎን ቦል ዜድ ካካሮት» ነው። ታሪኩም የተቀዳው «ድራጎን ቦል ዜድ» ከተባለው የጃፓን የሥዕል ፊልም፥ ልጆቻችን አኒሜ ከሚሉት ነው። ጓደኞቹ «ፊልሙን ሳታይ ብትጀምረው ማን ከማን ጋር ለምን እንደሚጣላ አይገባህም» አሉት። ፊልሙ ግን ሁለት ዐይነት ሆነበት፤ «መምህር፥ የትኛውን ልይ?» አለን።

ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው። በ2024 ያረፈው ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ታሪኩን ከ1984 እስከ 1995 ድረስ በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በሥዕል ይተርክ ነበር። ቶኤይ የተባለው የፊልም ድርጅት የታሪኩን የመጀመሪያ ክፍል በ153 ምሽት ካሳየ በኋላ፥ ሁለተኛውን ክፍል «ዜድ» ብሎ ከ1989 እስከ 1996 በ291 ክፍል አቀረበ። ሠዓሊው በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ብቻ ይሥል ስለ ነበር ቴሌቪዥኑ ደረሰበት። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ ታሪኩ እንዳያልቅባቸው በወጡ ላይ ውኃ ጨመሩ፤ ሠዓሊው ያልጻፈውን አስገቡ፥ ጠቡንም አስረዘሙ። ፍሪዛ የተባለው ክፉ «ይህች ዓለም በ5 ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች» ካለ በኋላ ጠቡ ስንት ምሽት እንደሚፈጅ ያየ ሰው ያውቀዋል! በ2009 ግን የፊልሙ 20ኛ ዓመት ሲከበር፥ ያው ድርጅት ጭማሪውን እየቈረጠ ድምፁንም እንደ ገና እያስቀዳ «ካይ» የተባለውን አጭሩን ማውጣት ጀመረ። ይህኛው 160 ክፍል ያህል ነው።

እኛም መምህር ነንና እርሳስ አነሣን። አንዱን ክፍል 20 ደቂቃ ብንለው ረጅሙ 97 ሰዓት፥ አጭሩ 53 ሰዓት ይሆናል። አያቱ የፈቀዱለት በቀን 1 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ረጅሙ 65 ቀን ይፈጃል፤ ይኸውም ሐምሌና ነሐሴ ከነጳጕሜን ልክ አለቁ ማለት ነው። በዚያ ላይ በፍልሰታ ጾም 16 ቀን አያቱ ቴሌቪዥን አይከፍቱም። ስለ መብራት መጥፋትማ ባናነሣው ይሻላል። «አጭሩን እይ» ብለን በኩራት አሰናበትነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ፊልሙን በፍላሽ የጫነለት ሰውዬ ከ9ኛው ክፍል ጀምሮ በስሕተት ረጅሙን ሰጥቶታል። «ታሪኩ ወደ ኋላ ተመለሰብኝ» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ቅሬታ አላየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎኩ የተባለው ጀግና ከሞተ በኋላ ጠላቱ የነበረው ፒኮሎ የጎኩን ልጅ ጎሃንን ወስዶ በበረሃ 6 ወር ብቻውን ይተወዋል። አጭሩ ፊልም ይህን በጥድፊያ ያልፈዋል። በረጅሙ ግን ሕፃኑ በዋሻ ውስጥ ከተሰበረ ሮቦት ጋር ይወዳጃል፤ ኋላም ሰዎች እንዳይለያዩአቸው ተሸሽገው ከሚኖሩ እናት አባት የሌላቸው ልጆች ጋር ይገናኛል። «እነዚህን ልጆች ለምን ቈረጡአቸው?» ሲል ጠየቀን። «በሠዓሊው መጽሐፍ ስለሌሉ ነው» አልነው። መልሳችን እውነት ነበር፤ ልጁ ግን ዝም አለ፤ እኛም በመልሳችን አልተደሰትንም።

በዚያው ምሽት ወርደን አብረን አየን። ድምፁ ጃፓንኛ፥ ከግርጌው የሚወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ልጁም እያነበበ ለአያቱ በዐማርኛ ይተርክላቸዋል። በክፍላችን አንድ መስመር ለማንበብ የሚያፍር ልጅ መሆኑን ማን ያምናል? አያቱ ጠቡ ሲጀመር ጥጣቸውን ያነሣሉ፤ ሕፃኑ ብቻውን ሲሆን ግን እንዝርቱን አስቀምጠው «እህስ፥ በላ? የት ዐደረ?» ይላሉ። እኛ ውኃ ነው ያልነው ለእነርሱ ወጡ እርሱ ነበር።

በልጅነታችን በንባብ ቤት ሳለን ውርድ ንባብ አታካች ሆኖብን ወደ ቁም ንባብ ልንዘል ስንል የኔታ በአለንጋ ይመልሱን ነበር። እንግዲህ ይህን የምናውቅ ሰዎች ሒሳብ እንዳታለለን ስንናገር እናፍራለን።

ጨዋታውን የሠሩትም ሰዎች ቢሆኑ በአጭሩ ፊልም ብቻ አልተመሩም። ጎኩና ፒኮሎ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት መኪና መንዳት የሚማሩበት አስቂኝ ምሽት በሠዓሊው መጽሐፍ የለም፤ በካይም የለም፤ በረጅሙ ግን 125ኛው ክፍል ነው። በጨዋታው ውስጥ ልጁ ራሱ ይጫወተዋል! አጭሩን ብቻ ያየ ሰው ይህ ከየት መጣ ይላል።

ስለዚህ ምክራችንን ቀየርን። እስከ 35ኛው ክፍል፥ የቤጂታ ጠብ እስኪያልቅ፥ ረጅሙን ይይ፤ ከዚያ በኋላ ጠቡ ስለሚንዛዛ ወደ አጭሩ ይለፍ፤ ለመንጃ ፈቃዱ ምሽት ብቻ ይመለስ። ይህ 40 ቀን ያህል ይፈጃል፤ የፍልሰታም ጾም በሰላም ይገባል። የመጀመሪያውን 153 ክፍል የጨዋታው ዋና ታሪክ ስለማይነካው ለሚቀጥለው ክረምት ይቈይ ብለናል። ጠቡ ደም ያለበት ስለ ሆነ ግን ወላጆች ታናናሾቹን ብቻቸውን ባይተዉ መልካም ነው።

በሐምሌ መጨረሻ እሑድ እናቱ ስትደውል እኛም እዚያው ነበርን። «ጨዋታው እንዴት ነው?» አለችው። «ኧረ ገና አልጀመርነውም፤ ፊልሙ ላይ ነን» አላት። አያቱም ከኋላው ሆነው «ንገራት እንጂ! አረንጓዴው ሰውዬ ለልጁ ሞተለት በላት» ይሉ ነበር።