ጨለማን መቀባት እውነታዊነት አይደለም

ስለ ሱፐርማን ፊልሞች ክርክር በተነሣ ቁጥር አንድ ፍርድ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ1978 በሪቻርድ ዶነር አዘጋጅነት የቀረበው «ሱፐርማን» ዝግተኛ የልጆች ተረት ነው፤ በ2013 በዛክ ስናይደር አዘጋጅነት የወጣው «ማን ኦፍ ስቲል» ግን ፈጣንና እውነታዊ ነው ይባላል። ፍርዱ በሁለቱም በኩል የተሳሳተ ነው።

ከፍጥነቱ እንነሣ። የሁለቱም ፊልሞች ርዝመት እኩል 143 ደቂቃ ነው። እንግዲያው ልዩነቱ በጊዜው መጠን ሳይሆን ጊዜው በዋለበት ጉዳይ ነው። ዶነር ጀግናውን ካባ አልብሶ በከተማ ሕዝብ ፊት ከማቆሙ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ያስጠብቀናል። ችኩል ተመልካች ይህን እንደ ብክነት ይቆጥረዋል። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ የምትጠፋ ፕላኔት፣ ልጅ ያልወለዱ የካንሳስ ገበሬዎች፣ የስንዴ ማሳ፣ በመጨረሻም መቃብር አለ። አሳዳጊው አባት ጆናታን ኬንት በግቢው ውስጥ ልቡ ከድቶት ይወድቃል። ጥቂት ቀደም ብሎ ባቡርን በሩጫ የቀደመው ወጣት ለአንድ ገበሬ ልብ ምት ሊያደርግለት የቻለው ነገር የለም። እውነታዊነት ማለት ይህ ነው! ሰው በሰማይ መብረሩ አይደለም ጉዳዩ፤ ያንንማ ተመልካቹ ቲኬት ሲቆርጥ ተቀብሎታል።

በ2013ቱ ፊልም ያው አባት የሚሞተው በአውሎ ነፋስ ነው። ውሻ ሊያወጣ ወደ መኪናው ተመልሶ እግሩ ይጎዳል፤ ልጁ እንዳይመጣ እጁን ዘርግቶ ያግደዋል። ልጁ ሊያድነው ይችላል፤ ምስጢሩ እንዳይገለጥ ግን ቆሞ ያያል። እዚህ ላይ አባትየውን የገደለው ነፋሱ ሳይሆን የደራሲው ብዕር ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ካሜራው በእጅ ተይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ይህም ሁሉ እውነት ተባለ። ወደ ፍጻሜው ሕንጻዎች በላይ በላይ ይፈርሳሉ፤ ከሥራቸው ስለቀሩት ሰዎች ግን አንድ ቃል እንኳ አይነገርም። ጀግናው የዞድን አንገት ሰብሮ በሰቀቀን ይጮኻል፤ የጩኸቱ ማስተጋባት ሳይጠፋ ከአንድ ጄኔራል ጋር ስለ ስለላ አውሮፕላን ሲቀላለድ እናገኘዋለን። አንድ ሕሊና ለመጸጸት ስንት ደቂቃ ያስፈልገዋል? ከ143ቱ ሁለቱ እንኳ አልተፈቀዱለትም።

የዶነርን ነውር ደግሞ አልሸፍንም። ሎይስ ሌን በመሬት መንቀጥቀጥ መኪናዋ ውስጥ ተቀብራ ስትሞት ጀግናው ምድርን እየዞረ በመብረር ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እርሷም ትነሣለች። ጊዜ የሚመለስ ከሆነ የአባትየው መቃብር ስለ ምን እንደ ተዘጋ ቀረ? ፊልሙ በአንድ ሰዓት ትዕግሥት የገነባውን ሕግ በደቂቃዎች አፍርሶታል። የፈረሰውም በዝግታው ሳይሆን በፍጻሜው ጥድፊያ ነው።

የ«ማን ኦፍ ስቲል» ወዳጆች ይህን ሁሉ ሰምተው እንደማይረቱ አውቃለሁ። ስለዚህ ከራሳቸው ፊልም አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሕፃኑ ክላርክ በክፍል ውስጥ የመምህርቱን አጥንት ከቆዳዋ በታች እያየ፣ የሁሉን ድምፅ በአንድ ጊዜ እየሰማ ይሸበርና ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እናቱ ተጠርታ ትመጣለች፤ በሩን አትሰብርም። ተንበርክካ ድምፅዋን ብቻ እንዲሰማ፣ ወደ እርሷም እንዲመጣ ታባብለዋለች፤ እስኪከፍት ድረስ ካሜራው ከበሩ አይርቅም።