ከሐውልቱ በፊት መዝገቡ ይቅደም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለስማዳ ወረዳ አስተዳዳሪ

ለስማዳ ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ወገዳ

ጉዳዩ፦ በየዘመኑ ዘምተው የሞቱ የወረዳችን ልጆች ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበሩ አስተዳዳሪ፣

በእኛ አገር ጀግና ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስ ለእርስዎ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ጠመንጃውና ዝናሩ ይወጣል። ፈረስ የነበረው እንደሆነ ፈረሱ ተጭኖ በለቀስተኛው መሐል ይሳባል። አብረውት የዘመቱት ተራ በተራ እየወጡ ይፎክራሉ። አልቃሿ የት እንደዘመተ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ማንን ከተኩስ መሐል ጎትቶ እንዳወጣ በግጥም ታወርደዋለች። ሙያዋን የምታውቅ አልቃሽ ደግሞ ዝም ብላ አትገጥምም፤ አስቀድማ ዘመድ ለይታ ታሪኩን ትጠይቃለች፣ የጎደለውን ታስሞላለች። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ታሪክ ካጠኑ ሰዎች መካከል እንደነዚህ ሴቶች ተጠንቅቀው የሚጠይቁ ብዙ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ወግ ግን አልጋው ላይ ለሞተ፣ ሬሳው ወይም መርዶው ለመጣ ሰው ነው። ከስማዳ፣ ከጋይንትና ከእስቴ ወጥቶ ከበሽሎና ከዓባይ ማዶ የቀረው ወታደር ብዙው ይህን አላገኘም። ከ1928 እስከ 1933 በዱር በገደሉ የወደቀው አርበኛ ቢያንስ በአገሩ አፈር ላይ ነበርና ወሬው ደርሷል። በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ወደ ኦጋዴን የተጫነው፣ በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ከገበያና ከማሳ የታፈሰው፣ መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ፣ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ፣ የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ የቀረው፣ ከ1990 ጀምሮ ባድመ ግንባር የገባው ልጅ፣ የብዙዎቹ ሬሳ አልመጣም። የአንዳንዱ መርዶም አልመጣም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ቤቱ የደረሰ ወታደር ስለ ጓደኛው ሲጠየቅ «እዚያ ድረስ አብረን ነበርን» ብሎ ዝም አለ። ለብዙ እናት መርዶው ይኸው ነበር።

መርዶ ያልመጣለት ሰው በእኛ ሥርዓት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። እናቱ ጥቁር አትለብስም፤ ልጄን በቁሙ ገደልሁት ማለት ይሆንባታል። አርባም፣ ሰማንያም፣ ሙት ዓመትም የለም። ሚስቱ መበለትም አይደለች፣ ባለባልም አይደለች። ርስት ሲካፈል ድርሻው «ምናልባት ቢመጣ» ተብሎ ይቀመጣል፤ በኋላ ያጣላል። እንዲህ እያሉ ያረጁ፣ እንዲህ እያሉ የሞቱ እናቶች በየደብራችን አሉ።

ነገሩ አይቻልም ነበር እንዳይባል ሌላ ምሳሌ አለን። ሚያዝያ 1943 ወደ ኮሪያ መጓዝ የጀመረው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበታል፤ አንድም የተማረከበት የለም። የሞቱት መጀመሪያ ፑሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አርፈው ነበር፤ በኋላ አጽማቸው ባሕር ተሻግሮ ወደ አገራቸው ተመለሰ። ቹንቾን በተባለችው የኮሪያ ከተማ ዛሬ የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ቆሟል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1960 እዚያው ተገኝተዋል። ከዓለም ጫፍ አጽም ማምጣት የቻለች አገር ከሽሬ ወደ ስማዳ ስም እንኳ ማምጣት አቃታት። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ከእርስዎ በፊት የነበረ ነገር ነው። አጽም ያምጡ ማለቴም አይደለም፤ የወረዳ አቅም አይደለም። ስም ግን የወረዳ አቅም ነው።

የምጠይቅዎ ይኸን ነው። በእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ የሙታን ዘማቾች መዝገብ ይከፈት። ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የተወለደበት ጎጥና ደብሩ፣ የወጣበት ዘመን፣ ከታወቀ የጦር ክፍሉ፣ የወደቀበት ቦታ፣ ካልታወቀም «አልታወቀም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። አንድ ዓምድ ግን በምንም ምክንያት እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ የክርስትና ስሙ። የመከላከያም ሆነ የቀድሞው ሠራዊት ወረቀት የሚያውቀው የዓለም ስሙን ብቻ ነው። ቄሱ ደግሞ ለፍትሐትና ለጸሎት የሚፈልገው ሌላውን ነው፤ ገብረ ሥላሴ ይሁን ኃይለ ማርያም የምታውቀው እናት ናት፣ ወይም ክርስትና አባቱ። እነሱ ሲሞቱ ያ ስም አብሯቸው ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያገኘው አይችልም። ለሙስሊም ዘማቾቻችንም ዱዓ የሚያደርግላቸው ቤተሰብና መስጊድ ተጠይቆ እንደሥርዓታቸው ይጻፍ።

ሐውልት ይሠራ የሚል ሐሳብ በየጊዜው እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሐውልት አልጠላም። ነገር ግን አደባባይ ላይ ጠመንጃ ያነገተ የሲሚንቶ ሰው ብናቆም የማን ልጅ ነው? ለምርቃቱ ድንኳን ይተከላል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነሩ ላይ የሚወጣው ፎቶ ደግሞ የሟች ሳይሆን የመራቂ ይሆናል። ከዚያም በላይ የአገራችን ሐውልቶች አንድ ጠባይ አላቸው፤ እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ሟች ነው የሚያቆመው። ደርግ በ1977 አዲስ አበባ ላይ «ትግላችን» የተባለውን ሐውልት አቆመ። እሱን የጣሉት ደግሞ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር፣ የራሳቸውን ሰማዕታት ሐውልት አቆሙ። ሁለቱም የሞቱላቸውን ማሰባቸው አይነቀፍም። በስማዳ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ አይከፈልም። በደርግ መጨረሻ ጦርነቱ ደብረ ታቦርና ጉና ድረስ በመጣ ጊዜ ከአንድ ደብር የተወለዱ ልጆች በሁለቱም ወገን ነበሩ። አንዱ «የደርግ ወታደር» ተብሎ ጡረታውን አጣ፣ አንዱ «ታጋይ» ተብሎ ፎቶው ግድግዳ ላይ ወጣ። ያለቀሱት እናቶች ግን በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ መዝገቡ አይመርጥ። በማን ሥር እንደዘመተ ይጻፍ፤ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ግን በመዝገቡ አይገባም። ዋሽንግተን ከተማ በኅዳር 1975 የተመረቀውን የቬትናም ጦርነት ግድግዳ ብንወስድ አሜሪካኖች ስለዚያ ጦርነት ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ግድግዳው ላይ ግን ከ58,000 በላይ ስም በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ተቀርጿል፤ ማዕረግ የለም፣ ፍርድ የለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በፈረንሳይ ትንሽ መንደር ሳይቀር የራሱን ሙታን ስም በድንጋይ ላይ ጽፎ አቆመ። ለእኛ የሚቀርበው ይኸኛው ነው፤ አገሪቱ ሳትሆን መንደሩ ነው ሟቹን የሚያውቀው።

አንድ ከባድ ነገር ሳልሸሽግ ላንሣ። በእኛ አገር ስም ሲመዘገብ ሰው ይፈራል፤ ለግብር ነው፣ ለመሬት ነው፣ ለዘመቻ ነው ይላል። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ ፍርሃቱ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። እንግዲህ መዝገቡ የሙታን ብቻ ይሁን፤ የሕያው ልጅ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የመሬት ይዞታ አይግባበት። የጸጥታ መሥሪያ ቤት እጁን አያስገባ። የሚይዙት የዕድር ዳኛ፣ የደብሩ አለቃ፣ አንድ መምህርና ከሟች ቤተሰብ የተመረጠች አንዲት እናት ቢሆኑ ሰው ያምናል። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ በደብሩ ዕቃ ቤት ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር፣ አንዱ ፎቶ ተነሥቶ ከወረዳው ውጭ። በዚህ ክልል በጦርነት የተቃጠለውን የመንግሥት ወረቀት ላየ ሰው ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይመስለውም።

«ጊዜው አይደለም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ከአርበኞቹ፣ ከኮሪያና ከኦጋዴን ይጀመር እላለሁ፤ እነዚህ ላይ ማንም አይጣላም። በነሐሴ 2013 በሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ በተያዘች ጊዜ የቤቱን ጠመንጃ ይዞ ወጥቶ ያልተመለሰው የጋይንትና የአካባቢው ሚሊሻ ግን ብዙ አይቆይ። እሱ በየትኛውም የጦር ክፍል ዝርዝር ላይ ላይገኝ ይችላል፤ የሚያውቀው ቀበሌው ብቻ ነው።

በሕይወት ያሉትስ? በ1970 በኦጋዴን ዘመቻ ካራማራ ላይ ሃያ ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። ሙቶ ሌላ ሰው ከሚፎክርለት ራሱ ሲፎክር ይቀዳ፤ ስልክ የሌለው ጎረምሳ የለም። የአማርኛ ፉከራ ብዙ ጊዜ የዘመቻውን ቦታና የጓደኛውን ስም ይጠራልና ድምፁ ራሱ ማስረጃ ነው። ለተዝካሩም ይሆናል። ሜዳይ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ እንዳይሸጡት፣ ቢቸግራቸው እንኳ አስቀድሞ ፎቶው እንዲነሣ ይነገራቸው። ትምህርት ቤት በስማቸው መሰየም፣ ጎዳና መሰየም ጥሩ ነው፤ ግን መዝገቡ ከሌለ በማን ስም እንደምንሰይም አናውቅም። በእያንዳንዱ ስም አንድ ወይራ ወይም ጽድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቢተከል እወዳለሁ። በደቡብ ጎንደር ከደን የተረፈው በአብዛኛው ቅጥር ውስጥ ያለው ነውና ዛፉ የሚቆይበት ቦታ እዚያ ነው።

ቀኑ አዲስ በዓል አያስፈልገውም። ሚያዝያ 27 አለ፤ ጠላት በ1928 አዲስ አበባ የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 የተመለሱበት ቀን። ሃያ ሰባት ደግሞ መድኃኔ ዓለም ስለሆነ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከቅዳሴ በኋላ ስሞቹ አንድ በአንድ ጮክ ተብለው ይነበቡ። ንግግር አያስፈልግም፤ ባለሥልጣን ቢመጣም ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ይስማ። መርዶ ሳይሰሙ የኖሩ ቤተሰቦች ስሙ ሲጠራ በአደባባይ ሲሰሙ ለቅሶ መቀመጥ ይችላሉ፤ ቄሱም ስም አለውና ይጸልያል።

ወጪው ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ የሚጠየቀው የእርስዎ አንድ ሰርኩላር ደብዳቤ ነው። ከወገዳ አቅራቢያ አንድ ቀበሌ ይምረጡና ይጀመር፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ እስቴና ሰዴ ሙጃ አይተው ይከተላሉ። ይህን የሚያነብ የወረዳችን ሰውም መመሪያ አይጠብቅ። ከቤትህ የወጣና ያልተመለሰ ካለ የዓለም ስሙንና የክርስትና ስሙን ጽፈህ ዛሬ ለደብርህ አለቃ ስጥ፤ እናቱ በሕይወት እያለች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የስማዳ ተወላጅ