ማቀዝቀዣችን ስለ ምን ሞቀ?

ፋሲካ በዋለ ማግስት ከየቤቱ የሚሰማ አንድ እሮሮ አለ፤ «ፍሪጁ ተበላሸ» የሚል። ነገሩ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለንም። 55ቱን የጾም ቀን ከጥቂት አትክልትና ከውኃ በቀር ምንም ሳይዝ የሰነበተ ማቀዝቀዣ፥ በዓሉ ሲደርስ የዶሮው ወጥ ከነትኩሳቱ፥ የቅርጫው ሥጋ፥ ቅቤውና ዓይቡ በአንድ ጊዜ ይጫንበታል፤ በሩም በየደቂቃው ይከፈታል። ቢሞቅ ምን ያስደንቃል?

ማቀዝቀዣ ብርድን የሚፈጥር ዕቃ አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ የሚያፈስ ነው እንጂ። በቧንቧው የሚዘዋወረው ጋዝ በውስጠኛው ክፍል ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ሞተሩ ጨምቆ ሲገፋው ደግሞ ያንኑ ሙቀት በጀርባው ወይም በጎኑ ለቤቱ አየር ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እንግዲህ መርማሪው ይህን ይጠይቅ፤ የሚገባው ሙቀት በዝቷልን፥ ወይስ የገባው መውጫ አጥቷል?

አስቀድሞ በሩን ከፍቶ አምፑሉን ማየት ነው። ካልበራ በዚያው ሶኬት ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር ይገባል። አምፑሉ በርቶ ሞተሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ የቅዝቃዜው መቆጣጠሪያ ይታይ፤ በጾሙ ወራት ዝቅ ተደርጎ የተረሳ ብዙ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ሞተሩ ወዲያው ባይነሣ አያስደነግጥም፤ እንዲያውም ነቅሎ 5 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ ለሞተሩ ይበጀዋል።

ሞተሩ እየሠራ የማይቀዘቅዝ ከሆነ፥ ከሶኬቱ ነቅሎ በጀርባው ያለውን የቧንቧ መረብ ከአቧራ መጥረግ፥ ዕቃውንም ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ማራቅ ነው። ቀጥሎ ቁራጭ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ የበሩ ላስቲክ አየር ያስገባል። ላስቲኩን በለብታ ውኃና በሳሙና ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የተጋገረውም በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ቅዝቃዜውን ይከለክላልና፥ ዕቃው ተነቅሎ በራሱ ጊዜ ይቅለጥ። እመቤቶች ሆይ፥ በዚህ ነገር ቢላዋ ይቅር! ቧንቧው አንድ ጊዜ ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል።

ከዕቃው ይልቅ የሚያሳስበን ግን በውስጡ ያለው ምግብ ነው። የማቀዝቀዣው ውስጥ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፍ የለበትም። ኃይል ሲቋረጥ በሩ ካልተከፈተ ምግቡ 4 ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ሙሉ የሆነ የበረዶ ክፍል 48 ሰዓት፥ ግማሹ የያዘ 24 ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል። ከዚህ ወዲያ የሞቀ ሥጋ፥ ወተትና የበሰለ ወጥ ይጣል። በመቅመስ መፈተን አይገባም፤ የሚያሳምመው ተሐዋሲ ሁልጊዜ ሽታና ጣዕም አይለውጥምና። አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ደግሞ ወጡን ደጋግመው ቢያፈሉትም አይጠፋም። ለልጆቻችን የፈራነውን ለነዳያን መስጠትም ምጽዋት ሊባል አይችልም።

የበዓሉ ወጥ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ተከፍሎ በቶሎ ይብረድ፥ ከ2 ሰዓት ሳያልፍም ይግባ፤ በዕቃዎቹም መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይተው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በአንድ ቀን ውስጥ ካልቀዘቀዘ ባለሞያ ይጠራ። ባለሞያው «ጋዙ አልቋል» ቢል፥ የቤቱ ባለቤት የሾለከበትን ቦታ አሳየኝ ይበል። ጋዝ እንደ ላምባ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም፤ ጎደለ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ ከነገንዘቡ ተመልሶ ይሄዳል። በብዙዎቹ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ያለው አር 600ኤ የተባለ ጋዝ ደግሞ እሳት የሚይዝ ነውና፥ በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አስቀድሞ ማንበብ፥ ጥገናው ሲደረግም መስኮቱን ከፍቶ ልጆችን ከዚያ ማራቅ ያስፈልጋል።