ከሐይቅ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?



ሰሞኑን ካርታና ማስመሪያ ይዘን በምናስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ኡስታዝ፣ ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ስትል ጠየቀችን። የጂኦግራፊ ጥያቄ መስሎን ነበር። ለካስ ባሕር ዳር የተዳረችው እኅቷ ወልዳ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው እናቷ አራስ ሊጠይቁ ተነሥተዋል። በአውቶቡስ ይሂዱ ወይስ በአውሮፕላን በሚለው ቤተሰቡ ሁለት ሆኗል።

ማስመሪያውን አስቀምጠን ለካን። ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር በቀጥታ አየር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአገር ውስጥ በረራ የለመድነው ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ልጆቹ አካፍለው «26 ደቂቃ ተኩል!» ብለው ጮኹ። መንደርደሪያው፣ መውጫውና መውረጃው ሲጨመርበት 40 ደቂቃ ብንል ይቀርባል።

ነገር ግን ከሰፈራችን በአየር ባሕር ዳር የሄዱት ሁሉ በአዲስ አበባ ዞረው ነው የደረሱት። ከኮምቦልቻ ቦሌ 250 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ ባሕር ዳር 330 ያህል፤ በድምሩ 580። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ መብረር! ሁለቱ በረራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። በዚህ ላይ ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ 55 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ቦሌ ላይ ደግሞ ሁለተኛውን አውሮፕላን መጠበቅ አለ። ደመርነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ።

አውቶቡሱስ? የበሽሎን ሸለቆ በሰሜን ዞሮ በወልድያ፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ነው። በሰዓት ሲታይ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በኪስ ሲታይ ግን እጅግ ሰፊ ነው። አባትየው የያዙት ይህንን ነበር፤ እውነት አላቸው። ልጅቱ ደግሞ የእናቷን ወገብ ይዛለች። ከዘጠኙ ሰዓት እናትየው መኪና ላይ የሚንገላቱት ሁለቱን ያህል ነው፤ በአውቶቡሱ ግን ሙሉውን ቀን። እኛም ወደ ልጅቱ አደላን።

በመሐል አንድ ልጅ «አንድ ሰዓት ተቀምጦ ለሚበር ሰው ሶላት ማሳጠር ይገባዋል?» አለ። አብዛኞቹ ዑለሞች የመንገዱን ርቀት እንጂ ሰዓቱን ወይም ድካሙን አይለኩም፤ ወሰኑን ወደ 80 ኪሎ ሜትር አድርገውታል። በሐነፊዮች ዘንድ መለኪያው የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ እርሱም ቢሆን በጥንቱ የእግርና የግመል ጉዞ ይሰላል። ስለዚህ በራሪውም ሙሳፊር ነው። ኮምቦልቻ ገበያ ብቻ ደርሶ የሚመለስ የሐይቅ ሰው በ80ው ልክ ወሰኑ ላይ አይደርስም። ባሕር ዳርን ያሰበ ግን የሐይቅን ቤቶች ካለፈ ጀምሮ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ መግሪብ ሦስትነቷን አትለቅም።

እናትየው በአውሮፕላን ሄዱ። ሱብሒን እቤታቸው ሰግደው ወጥተው፣ መግሪብ ሳይገባ የልጅ ልጃቸውን ታቀፉ። መመለሻው በአውቶቡስ ይሁን በአውሮፕላን ግን ባልና ሚስት እስካሁን በስልክ እየተከራከሩ ነው።