የጣና ጀልባ እስከ መቼ በቤንዚን?

አዲስ ቅዳም ሐይቅ የላትም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው፣ ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የአገራችን ልጆች ተሰብስበን ስለ ጀልባ ስንከራከር የሰማን አንድ ወንድማችን «እናንተ የደጋ ልጆች፣ ስለ ጀልባ ምን አገባችሁ?» ብሎ ስለሳቀብን ነው። መልሳችን አጭር ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ የአካባቢያችንን ውሃ እየሰበሰበ የሚገባው ወደ ጣና ነው። ባሕር ዳርም ከእኛ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ነዳጅ የጫነው ቦቴም በደጃችን ሲያልፍ እያየን ነው ያደግነው። እንግዲህ ያገባናል።

ክርክሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በባሕር ማዶ ባለ ሸራ ጀልባን ቤታቸው ያደረጉ፣ እዚያው የሚያበስሉ፣ እዚያው የሚተኙ ሰዎች አሉ። ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ሲገቡ የሚረዳቸው የናፍጣ ሞተር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የናፍጣውን ሞተር ነቅለው በኤሌክትሪክ ሞተር ተክተውታል፤ ባትሪውንም በጀልባው ላይ በዘረጉት ሶላር ይሞላሉ። ከመካከላችን አንዱ ይህን በአድናቆት ሲያወራ፣ ሌላው «የሀብታም መጫወቻ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን እርሳስና ወረቀት ይዘን ሒሳቡን ስንሠራ፣ ነገሩ ከሀብታሙ ይልቅ ለጣና ባለ ጀልባ የሚቀርብ ሆኖ አገኘነው።

ለምን ቢሉ፣ ቁም ነገሩ ያለው ከሞተሩ ይልቅ በፍጥነቱ ላይ ነው። ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን በእጥፍ ላሳድግ ቢል የሚጠይቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ የስምንተኛው ጉልበት ይበቃዋል ማለት ነው። በጀልባ ላይ የሚኖሩት ሰዎች የደረሱበት ምሥጢር ይኸው ነው። የናፍጣውን ጉልበት የሚያህል ሞተር አልገዙም፤ ዝግ ብሎ መሄድን መረጡና በትንሽ ሞተር ተብቃቁ።

እስቲ ይህን ወደ ጣና እናምጣው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚመላለስ፣ ስምንት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጀልባ ይኑረን። መንገደኛውን ከፀሐይ የሚከልል ጣሪያ በብዙዎቹ ጀልባዎች ላይ አስቀድሞም አለ። በዚያ ጣሪያ ላይ እያንዳንዱ 400 ዋት የሚሰጥ ስምንት የሶላር ፓኔል ቢዘረጋ ድምሩ 3,200 ዋት ይሆናል፤ ሰማዩ በጠራበት ወራት በቀን 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስገኛል። ጀልባው በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ሦስት ኪሎ ዋት ይፈጃል ብንል፣ የአንድ ቀን ፀሐይ ከአራት ሰዓት በላይ ያስኬደዋል። ይህም ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። አሃዙ የእኛ ግምት ነው፤ በውሃ ላይ ተመዝኖ ይታረም። የክረምቱ ደመና ፀሐዩን እንደሚቀንሰው አንስተውም፤ ያን ጊዜ ጀልባው ሌሊቱን ከመብራት ኃይል መስመር ይሞላ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የጣና ውሃ በበለስ በኩል ሲወርድ 460 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ያው ውሃ በዓባይ በኩል ወርዶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይደርሳል። በዚሁ ሐይቅ ጀርባ ላይ የሚሄደው ጀልባ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ፣ በጀሪካን ተቀድቶ የሚመጣ ቤንዚን ያቃጥላል። ያቃጥላል ማለቱም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የድሮው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን አንድ አምስተኛ ያህሉን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ወደ ውሃው ይተፋዋል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች ጋር መመዝገቡን በየስብሰባው እንሰማለን፤ ያን ውሃ ቀድቶ የሚጠጣው የደሴት ሕዝብ ግን በየስብሰባው ሲነሣ አንሰማም።

ለ«ሀብታም መጫወቻ» ባዩ ወንድማችን ሌላም መልስ አለን። በህንድ አገር፣ በኬረላ ግዛት፣ አዲትያ የተባለች 75 ሰው የምትጭን የሶላር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ጀምራለች። ያሻገረችውም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰውን ተራውን ሕዝብ ነው። በዚያው ዓመት በኢኳዶር ደን ውስጥ የሚኖሩት የአቹዋር ሕዝቦች፣ ቤንዚን ከሩቅ በውድ ዋጋ ስለሚመጣባቸው፣ በወንዛቸው ላይ የሶላር ጀልባ አስኪደዋል። እነዚህ ከሀብታሙ መዝናኛ ይልቅ የእኛን የጣናን ኑሮ ይመስላሉ።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። ከባሕር ዳር ያነጋገርነው አንድ ባለ ጀልባ ነገራችንን በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ልጆቼ፣ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሣ ባትሪው ቢያልቅብኝ ምን ይውጠኛል?» አለን። አፍረን ዝም አልን። ባለ ሸራው ሰው ባትሪው ቢያልቅበት ነፋስ አለው፤ የጣና ባለ ጀልባ ግን ሸራ የለውም። ቆይተን ስንመክርበት፣ መጀመሪያ የሚለወጠው ጀልባ የቤንዚን ሞተሩን መጣል እንደሌለበት ተስማማን። ትንሹ ሞተር ለመጠባበቂያ ይቆይ፤ ባትሪውም ከሲሶው በታች እንዳይወርድ ደንብ ይሁን። የእምቦጭ አረም በሾሪው ላይ ሲጠመጠም ኤሌክትሪኩም እንደ ቤንዚኑ ይቆማልና፣ ከዚህ መከራ ያወጣችኋል ብለን አንዋሽም።

ሁለተኛው ችግር ገንዘብ ነው። ቤንዚን በየቀኑ ይገዛል፤ ባትሪ መግዛት ግን የብዙ ዓመት ቤንዚን ባንድ ቀን እንደ መግዛት ነው። 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊትየም ባትሪ ሁለት መቶ ኪሎ፣ ማለትም የሦስት ሰው ያህል ይመዝናል። በእርሳስ ባትሪ እናድርገው ቢባል፣ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ከቶን ያልፋል፤ ጀልባው ባትሪ ጭኖ ሰው ሊተው ነው። ርካሹ ውድ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በሆነው ጦርነት ጎብኚ ከተመናመነበት ሰው ዘንድ ሄዶ «ጥሪትህን በባትሪ ላይ አውል» ማለት ደግሞ ጭካኔ ነው። በመጀመሪያው ጀልባ የሚመጣውን ኪሳራ ባለ ጀልባው ሊሸከመው አይገባም፤ የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ይሸከመው።

ይህን ስንል ከአገራችን ያየነውን ይዘን ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ የደከመ መሬቱን ዲከረንስ ተክሎ ለከሰል ያዋለው፣ ጎረቤቱ ሲያተርፍ በዓይኑ አይቶ ነው፤ በስብከት ብቻ የመጣ አልነበረም። (በኋላ በዛፉ ላይ የወረደው በሽታ ሁሉን በአንድ ነገር ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አስተምሮናልና፣ መጠባበቂያ ሞተሩ ይቆይ ያልነው ከዚህም ተነሥተን ነው።) የጣናም ባለ ጀልባ ባልንጀራው ቤንዚን ሳይገዛ ዘጌ ደርሶ ሲመለስ ካየ ሰባኪ አያሻውም።

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን እየሠራን ነው? አንድ ጓደኛችን ለመመረቂያው ትንሽ የሶላር ጀልባ ሠርቶ በገንዳ ውስጥ አስኬደ፤ ተጨበጨበለት፤ ከፍተኛ ማርክ አገኘ፤ ጀልባይቱም ወደ ቁም ሣጥን ገባች። እስካሁን እዚያው ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተሞች በዝቷል። የባትሪና የሞተር ባለሙያ በየጋራዡ እየተፈጠረ ሳለ፣ የእኛ ዕውቀት በገንዳ ተወስኖ መቅረቱ ያሳፍረናል። ገንዳው ማዕበል የለውም፤ እምቦጭም የለውም፤ «ባትሪው ቢያልቅብኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰውም የለበትም።

ስለዚህ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች አንድ ደብተር ያዙልን። የተሳፈራችሁበት ጀልባ ርዝመቱ ስንት ነው? ስንት ሰው ጫነ? ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው ወይስ ባለ አራት? በስንት ሰዓት ተነሥቶ በስንት ሰዓት ደረሰ? ከሁሉ በላይ ስንት ሊትር ጠጣ? ነጂውን በአክብሮት ጠይቃችሁ ጻፉና ስትመለሱ ለመጽሔቱ ክፍል አስረክቡ። ከላይ በግምት ያስቀመጥነውን ሦስት ኪሎ ዋት በእናንተ ቁጥር እንተካዋለን።