ከቀጠሮው በፊት ፓስፖርቱ

ጅዳ ወይም መካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ አውሮፓም ሆነ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የቪዛ ቀጠሮ ሲይዝ ሐሳቡ ሁሉ ቃለ መጠይቁ ላይ ይወድቃል። ምን ይጠይቁኛል? ባንክ ስንት ሪያል ላሳይ? ከፊሉ (አሠሪው) ደብዳቤ ይጽፍልኝ ይሆን? ፓስፖርቱ ትዝ የሚለው ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ መልስ ከመስማቱ በፊት የሚቀበለው ያንን ደብተር ነው፤ ደብተሩ ካልሆነ የተጠናው መልስ ሁሉ ሳይነገር ይቀራል።

“ጊዜው መች አለፈ?” የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም። የሸንገን አገሮች ተጓዡ ከግዛታቸው ከሚወጣበት ቀን በኋላ ፓስፖርቱ ሦስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ፤ ስድስት ወር የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ሳዑዲ ራሷ ለደርሶ መልስ መውጫ ቪዛ 90 ቀን፣ ለኹሩጅ ኒሃኢ (ለመጨረሻ መውጫ) 60 ቀን እንዲቀረው ትጠይቃለች። ስለዚህ ሁለት ወር ተኩል የቀረው ፓስፖርት ለመሰናበቻ ይበቃል፣ ለመመለሻ ግን አይበቃም። የቀን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ለረጅም ዘመን በሂጅራ ሲቆጠር ኖሯል፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ ነው፣ ቤተሰብ በስልክ የሚያወራው በእኛ ነው። የሂጅራው ዓመት ከፈረንጁ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር “ገና ነው” ብሎ በልብ የያዙት ቀን በቀላሉ ይዛነፋል።

ዕድሳቱም የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ያለው ጅዳ ነው፤ መካ የሚኖር ሰው 80 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ኢቃማው ለተቃጠለበት ሰው ይህ መንገድ ቀላል አይደለም፤ ኬላ አለው፣ ሰነድ የሌላቸው የሚያዙበት የሹመይሲ ማቆያም በዚያው አቅጣጫ ነው። የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ደግሞ የመካ ኢቃማ ወይም ፈቃድ የሌለው ወደ ከተማዋ አይመለስም። ማመልከቻውና አሻራው ጅዳ ይሰጣል፣ ደብተሩ የሚታተመው ግን አዲስ አበባ ነው። እዚያ እጥረት ሲገጥም፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. እንዳየነው፣ ወረፋው ጅዳ ድረስ ይዘልቃል። አዲሱ ፓስፖርት ሲመጣም አላለቀም፦ ቁጥሩ ስለተቀየረ በጀዋዛት (የሳዑዲ ፓስፖርት መሥሪያ ቤት) ሥርዓት ውስጥ ነቅል መዕሉማት (የመረጃ ዝውውር) ይደረጋል፣ በአሮጌው ቁጥር የተሞላው የቪዛ ማመልከቻም መስተካከል አለበት። ቀጠሮ ይዞ ፓስፖርት የሚያሳድስ ሰው አንዱን ሥራ ሁለቴ ይሠራል ማለት ነው።

ከቀኑ የከፋው የስም ጉዳይ ነው። ለአረብ አገር ሥራ በደላላ እጅ የወጡ ብዙ ፓስፖርቶች ላይ ዕድሜ መጨመሩ፣ ስምም ወደ ሙስሊም ስም መቀየሩ ያደባባይ ምስጢር ነው። ያ ደብተር ጅዳ አድርሷል፤ ለሦስተኛ አገር ቪዛ ሲቀርብ ግን ከልደት፣ ከጋብቻና ከትምህርት ማስረጃ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ያለ ክፉ ሐሳብ የሚመጣ ልዩነትም አለ፤ “መሐመድ” የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በ“ኦ”፣ ሌላው ላይ በ“ዩ” ይጻፋል። የፊደሏ ልዩነት ምናልባት በማብራሪያ ትታለፍ ይሆናል። የአራት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ግን መስኮት ላይ ቆሞ የሚያስረዱት ነገር አይደለም፤ ማስተካከያው አስቀድሞ፣ በማስረጃ፣ ፓስፖርቱን በሰጠው አካል በኩል መጠየቅ አለበት።

“ፓስፖርቴ እኮ ከፊሉ ጋ ነው” የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 166 አሠሪ የሠራተኛውን ፓስፖርት እንዳይዝ ከልክሏል። ይሁን እንጂ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ፓስፖርት ዛሬም በማዳም መሳቢያ ውስጥ የሚገኝበት ቤት አለ። ይህ ግን አስቀድሞ ለመጀመር ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ለመዘግየት ሰበብ አይሆንም፤ ደብተርን ከአሠሪ እጅ ማውጣት ጊዜ የሚበላ ድርድር ነውና። ሌላው ተቃውሞ፣ ጥፋቱ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ለምን ዜጋው ይወቀሳል የሚለው ነው። ወቀሳው ለመንግሥትም ይገባዋል። ዕድሳት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በግልጽ መለጠፍ፣ መካ ላለው ወገን በተወሰኑ ቀናት ልዩ ተራ መስጠት ቆንስላውን የሚያከስረው ነገር የለም። በ2017 ዓ.ም. መሰጠት የጀመረው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርትም የሚመዘነው ጅዳ ላለው ሰው በሚደርስበት ፍጥነት ነው። ሆኖም የቪዛ ሠራተኛው የአገራችንን ወረፋ አይቆጥርልንም።

“ካልሆነ ሊሴ ፓሴ አለ” የሚሉም አሉ። ሳዑዲ በ2013 ሰነድ የሌላቸውን ባፈሰችበትና በ2017 ምሕረት ባወጀችበት ጊዜ (ሁለቱም በፈረንጅ) ሰነድ የሌለው ብዙ ወገናችን አገሩ የገባው በእርሱ ነበር። ሊሴ ፓሴ ግን ወደ አገር ቤት ብቻ የሚያስኬድ ወረቀት ነው፤ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ አይቀርብም። እንግዲህ ቀጠሮ ለመያዝ የምታስቡ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት ፓስፖርታችሁን አውጡ፤ የሚያበቃበትን ቀንና የስማችሁን አጻጻፍ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር አስተያዩ። የሚታደስ ከሆነ መጀመሪያ ጅዳ ቆንስላ ሂዱ፤ የቪዛ ቀጠሮውን አዲሱ ደብተር እጃችሁ ሲገባ ያዙ።