ባለ እንጀራ

ፍቅር የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ በአፉ ይዞታል፤ ዳሩ ግን በክርስትና ሃይማኖት ትርጓሜው ምን እንደ ሆነ ቆሞ የሚመረምር ጥቂት ነው። እኛም ባለፈው የሚካኤል ዕለት በፉሪ ያየነው ነገር ይህን አሳስቦናልና ለአንባቢዎቻችን እንጽፋለን።

ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ በቆመው ተራራ ስም የሚጠራ ስፍራ ነው። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ ነበረ፤ ዛሬ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያም ፉሪ ለቡ ይባላል። ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደዚህ አቅጣጫ የመጡ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው፤ ዕቃቸውን ጭነው መጡ፤ ጎረቤታቸውን ግን መጫን አልቻሉም።

ከእነዚህም አንዲት አሮጊት እመቤት አሉ። ከ40 ዓመት በላይ የጠጡት የጽዋ ማኅበር በቀድሞው ሰፈር ቀርቷል። ተራቸው በደረሰ ጊዜ፥ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ ያለሁትም 4ኛ ፎቅ ነው፤ ባልንጀሮቼም አርጅተዋልና ላድክማቸው አይገባም ብለው፥ እንዲያሰናብቷቸው ወደ ሙሴው ላኩ። (ሙሴ ማለት የማኅበር አለቃ ነው፤ ይህንን የምንናገር ስለ ወጣቶቹ ነው።) ሙሴው መልስ አልላኩም። በ12 ቀን ግን ዳቦውንም ጠላውንም አስይዘው፥ ሽማግሎቹ እየተደጋገፉ ደረጃውን ሲወጡ ታዩ። ጽዋውን የያዘችው አንዲት ልጅ እግር ነበረች። ማን እንደ ሆነች ብንጠይቅ፥ በሟች እናቷ ስፍራ የገባች ናት አሉን።

ሰዎች የዳዊትንና የዮናታንን ወዳጅነት ሲያወሱ መሐላቸውን፥ ዮናታንም አውልቆ የሰጠውን ልብስ ያነሣሉ። ለእኛ ግን የሚበልጥብን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 ያለው ታሪክ ነው። ዮናታን ከሞተ በኋላ ዳዊት የወዳጁን ልጅ ሜምፊቦስቴን ፈልጎ ከሎዶባር አስመጣው። ልጁ ሁለት እግሩ ሽባ ነበር፤ የሳኦልም የልጅ ልጅ ነውና፥ አዲስ የነገሠ ሰው በጥርጣሬ ሊያየው የሚችል ዘር ነበረ። ዳዊት ግን የአያቱን እርሻ መለሰለት፤ ዘወትርም በገዛ ማዕዱ አስቀመጠው። ዮናታን ይህን አላየም፤ ሊያመሰግንም አልቻለም።

ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ከባርነት ስም አውጥቶ ወዳጆቼ ያላቸው አብረው እራት በበሉበት ሌሊት ነው። ባልንጀራ የሚለው ቃላችንም ባለ እንጀራ ከማለት የመጣ ነው ይባላል፤ እውነት ከሆነ፥ አባቶቻችን ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

እመቤቲቱ ዳቦውን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ፤ እንግዶቹም እንዳላዩ ሆኑ። አንዱ ሽማግሌ ብቻ ስለ ደረጃው ብዙ አጉረመረሙ፤ ይህም ሳቅ ሆነ። ወደ ማታ ሲለያዩ ሙሴው ደረጃው መካከል ቆመው፥ «እትዬ፥ በሚመጣው ወር የምትወስድዎ ይህች ልጅ ናት፤ በጠዋት ትመጣለችና ነጠላዎን ለብሰው ይጠብቋት» አሏቸው።